ግርሻ፦ የአንድ ትኩሳትና የአንድ ሙግት ታሪክ

«አገረሸበት» የሚለውን ቃል በአማርኛችን ለብዙ ነገር እንጠቀምበታለን። ድኖ የነበረ ሕመምተኛ መልሶ ሲወድቅ አገረሸበት እንላለን፤ የተረሳ ቂም፣ የተተወ ፍቅር፣ ተምሎ የተጣለ መጠጥ ሲመለስም እንዲሁ። በሕክምናው ዓለም ግን ይህ ቃል የራሱ የሆነ አንድ በሽታ አለው፤ «ግርሻ» ይባላል። ዛሬ ላወጋችሁ የምሻው ስለዚሁ በሽታ፣ ባሕር ማዶ ስላለው አንድ ዘመዱ፣ ደግሞም ሁለቱ በቤተሰቤ መካከል ስላገናኙት አንድ የቆየ ሙግት ነው። ውድ አንባቢ፣ እኔ የባንክ ሠራተኛ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ቀን ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ግጥም የሚመስል ነገር እጭራለሁ። ወደዚህ ታሪክ ያስገባኝም ያው የመስኮት ሥራዬ ነው።

ከሚሴን ለማታውቁ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትጓዙ፣ የጣርማ በርን ብርድ ወርዳችሁ፣ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፋችሁ፣ የቦርከና ሸለቆ ሰፋ ሲል የምታገኟት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ቆላ ናት፤ ሙቀቷ አይጣል ነው። በበጋ የጨፋ ረግረግ ሣሩ ስለማይደርቅ ከየአቅጣጫው አርብቶ አደሩ ከብቱን ይዞ ይወርዳል። ልጅ ሳለን ከላሞች ጡት ሥር መዥገር እየነቀልን በድንጋይ እንጨፈልቅ ነበር። መዥገር ያን ጊዜ ለእኛ መጫወቻ ነበር። «እንደ መዥገር ተጣበቀብኝ» ከማለት ያለፈ ትርጉምም አልነበረው።

ከአክስቴ ልጆች አንዷ በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ትኖራለች። ለዓመታት ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ለእናቷ ገንዘብ ስትልክ አንድም ወር ዘልላ አታውቅም። ገንዘቡ የሚመጣው እኔ በምሠራበት ቅርንጫፍ በኩል ስለሆነ፣ ለአክስቴ ቆጥሬ የምሰጣት ብዙ ጊዜ እኔው ነኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ገንዘቡ ማነስ ጀመረ። ከዚያ አንድ ወር ቀረ፤ ከዚያ ሁለት ወር። አክስቴ መስኮቴ ፊት ቆማ፣ መታወቂያዋን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ «ልጄ፣ አየህልኝ?» ትለኛለች። «ገና ነው አክስቴ» እላታለሁ። ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እንግዲህ ረሳችን ማለት ነዋ» ብላ ትወጣለች። አንድ ማታ ወደ ቨርጂኒያ ደወልሁ።

«ወንድሜ፣ ረስቼ አይደለም፤ ታምሜ ነው» አለችኝ። መዥገር ነክሷት ነበር።

* * *

ነገሩን እንደነገረችኝ ላቅርበው። በምትኖርበት ሰፈር ጀርባ ደን አለ፤ አጋዘን እስከ ደጅ ይመጣል። በዚያ አገር ሰው የምትነክሰው መዥገር ገና ለጋ ሳለች ከጤፍ ፍሬ እምብዛም አትበልጥም። ስትነክስ አታሳምም፤ ጠግባ ስትወርድም አትታወቅም። የብዙዎቹ ሕመምተኞች ምልክት በንክሻው ዙሪያ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቀይነቱ ጎልቶ ስለማይታይ እህቴ አላስተዋለችውም። በሽታው የታወቀላት ጉልበቷ አብጦ መራመድ ሲያቅታት ነው። ስሙ የላይም በሽታ ነው፤ መድኃኒት ታዘዘላት፤ ጨረሰች። ዕብጠቱ ጎደለ። ድካሙ፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማቱ፣ የሐሳብ መበተኑ ግን አልለቀቃትም።

አንዱ ሐኪም «ተሕዋሱ ሞቷል፤ የቀረው ጠባሳው ነው፤ ጊዜ ስጪው» አላት። ሌላው ደግሞ «ተሕዋሱ አልሞተም፤ ተደብቋል» ብሎ ለወራት በደም ሥር የሚሰጥ ጸረ ተሕዋስ መድኃኒት ጀመረላት። የጤና መድኅኗ ይህን አልከፍልም አለ። የእናቷ ወርኃዊ ገንዘብ የሄደው ወደዚያ ነበር።

«አንተ ታነባለህ፤ ማንን ልመን?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «አያታችን ስለ መርፌ የምትለው ትዝ ይልሃል? እኔ አሁን አሁን እውነቷን ነበር እላለሁ» አለች።

ትዝ ይለኛል። በቤታችን የማይረሳው ታሪክ እርሱ ነው።

* * *

አጎቴ በብሔራዊ ውትድርና የተወሰደው ጢሙ ገና ሳያቀና ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን ግንባር በእግሩም በመኪናም፣ በየመጠለያውም እያደረ መጣ። ከሚሴ የደረሰው በክረምት ነው። እኔ ያን ጊዜ ገና ጡት አልጣልሁም፤ የምነግራችሁ አያቴ የነገረችኝን ነው።

አያቴ መጀመሪያ የወታደር ልብሱን አስወለቀችው። ስፌቱ ሁሉ ቅማል ነበር። በበርሜል ውኃ ቀቀለችው። እርሱ ግን በሦስተኛው ቀን በድንገት ብርድ ብርድ አለውና ወደቀ። ራሱን ቆረጠው፤ ወገቡን ሰበረው፤ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ አፍንጫው ደማ። አምስት ቀን እንዲህ ሆኖ በስድስተኛው ሌሊት ላብ አጠመቀውና ትኩሳቱ ጥሎት ሄደ። በማግስቱ ተነሥቶ ገንፎ በላ። ጎረቤት ተጠርቶ ቡና ተፈላ፤ ዱዓ ተደረገ። አያቴ ይህችን ቀን ስታወራ ፊቷ ይበራ ነበር።

በሳምንቱ አገረሸበት። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ደሙ በመስተዋት ታየ፤ መርፌ ተወጋ። ከዚያ ምናልባት አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆነው ነው፤ አልጋው ከሲሚንቶው ላይ እስኪንኳኳ ድረስ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አያቴ ከደጅ ሆና ድምፁን ትሰማ ነበር። ትኩሳቱ ከቀድሞው ይልቅ ጨመረ፤ ከዚያ ሰውነቱ ቀዘቀዘ፤ ሊነጋ ሲል አረፈ። ማንም ወጥቶ ምን እንደሆነ አልነገራትም። ሐኪም ቤቱን ስሙን አላነሣም፤ በዚያ ዘመን በዚያ ሁኔታ ማን ለማን ይነግር እንደነበር አላውቅም። አያቴ ግን ያየችውን አይታለች፤ ልጇ በእግሩ ባይሄድም ነፍሱ ውስጡ ነበረች፤ መርፌ ወጉት፤ ሞተ። «መርፌው ነው የገደለው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ትኩሳት የያዘው ሰው መርፌ አይወጋም።

ይህ ሐሳብ የአያቴ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። «ምች የመታው ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል» የማይባልበት የአገራችን ክፍል የትኛው ነው? እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ በዚህ ነገር ከሚስቁት ወገን ነበርሁ። አሁን አልስቅም፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

* * *

ግርሻ የቅማል በሽታ ነው። በሽታው የሚመጣው በደም ውስጥ እንደ ተፈተለ ክር ተጠማዝዞ ከሚዋኝ ተሕዋስ ነው። መጀመሪያ ያየው የበርሊኑ ሐኪም ኦቶ ኦበርማየር ሲሆን፣ ያየውም እ.ኤ.አ. በ1868 ገደማ ነበር። ያየውን ያሳተመው በ1873 ነው፤ በዚያው ዓመት በኮሌራ ሞተ። በሽታውን ከሰው ወደ ሰው የምታሸጋግረው ቅማል መሆኗን እ.ኤ.አ. በ1907 ማኪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በሕንድ አመለከተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በሰሜን አፍሪካ የነበሩ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች አረጋገጡት። የሚያስገርመው ቅማሏ በንክሻዋ አለማስተላለፏ ነው። ሰው ሲያከክና በጥፍሩ ሲጨፈልቃት በሆዷ ያለው ተሕዋስ በተጫረው ቆዳ በኩል ይገባል። እንግዲህ ሰውዬው ጠላቱን ገደልሁ ባለበት ቅጽበት ይታመማል።

ለምን ያገረሻል? ተሕዋሱ ካባ ይለውጣል። ሰውነታችን የተሕዋሱን ካባ ለይቶ ጦር ሲሰብቅበት አብዛኛው ያልቃል፤ ትኩሳቱም ይበርዳል። ጥቂቶቹ ግን ሌላ ካባ ደርበው በየጥጋጥጉ ይቆያሉ፤ ተራብተው በሳምንቱ ገደማ ይመለሳሉ። ሰውነት እንደገና አዲሱን ካባ መማር አለበት። አያቴ ቡና ያፈላችበት ያ ብሩህ ቀን፣ እንግዲህ፣ የካባ መለወጫ ቀን ነበር።

በአንድ ወቅት ይህ በሽታ የዓለም ሁሉ ነበር። ጦርነትና ረሃብ ባለበት፣ ሰው ተፋፍጎ በሚያድርበት፣ ልብስ ቀይሮ ማጠብ በማይቻልበት ሁሉ ይነሣ ነበር። አውሮፓ ስትታጠብና ስትጠግብ ለቀቃት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዚህ በሽታ ዋና መኖሪያ ሆና የቀረችው አገራችን ኢትዮጵያ ናት። በክረምት፣ በደጋው ብርድ፣ በተደራረበ ቡትቶ ውስጥ፤ የቀን ሠራተኛው፣ ጎዳና አዳሪው፣ እስረኛው፣ ወታደሩ ዘንድ። ቆላዋ ከሚሴ ለቅማል አትመችም፤ ልጆቿ ግን ለሥራ ወደ ደጋ ይወጣሉ፤ ለጦርነት ይወሰዳሉ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ከእኛ ብዙም በማትርቀው በባቲ የተተከለውን መጠለያ ያዩ ሰዎች፣ ከረሃቡ ቀጥሎ የሚያነሡት ያንን መተፋፈግ ነው። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ግርሻ በየመጠለያው በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ እንደነበር የሕክምና መጽሔቶች መዝግበዋል። አጎቴ ስሙ ያልተጻፈለት የዚያ ወረርሽኝ አንድ ቁጥር ሳይሆን አይቀርም።

* * *

አሁን ወደ መርፌው እንምጣ።

ግርሻ ካልታከመ ከመቶ ሕመምተኞች ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል፤ ከታከመ የሚሞተው ጥቂት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ማዳኑ አያከራክርም። ነገር ግን መድኃኒቱ ሲገባ፣ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ አብዛኛው ሕመምተኛ ይብስበታል። ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ ትኩሳቱ ይንራል፤ ቀጥሎ የደም ግፊት ይወርዳል። ጥቂቶች በዚሁ ይሞታሉ። ይህ ነገር በሐኪሞች ዘንድ የያሪሽና የሄርክስሃይመር ምላሽ ይባላል፤ ስያሜውን ያገኘው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በሃያኛው መባቻ፣ የቂጥኝ ሕመምተኞች በሜርኩሪ ሲታከሙ ተመሳሳይ ነገር ካዩ ሁለት ሐኪሞች ነው።

ይህን ምላሽ በጥልቀት ያጠኑት ሐኪሞች ብዙውን ሥራቸውን የሠሩት አዲስ አበባ ላይ ነው። ብራይሰን፣ ፓሪ፣ ፔራይን፣ ዋረል የተባሉ የውጭ ሐኪሞች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ትኩሳቱን፣ ትንፋሹን፣ የልቡን ምት በየደቂቃው መዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ1970 የ62 ኢትዮጵያውያን ሕመምተኞችን ጥናት አሳተሙ። በ1974 ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን ግርሻንም ተስቦንም እንደሚያድን ተጻፈ። በ1983 የ377 ሕመምተኞች የሕክምና ውጤት ወጣ።

ሙግቱም ከዚሁ ጋር አደገ። ቴትራሳይክሊን ደሙን ቶሎ ያጸዳል፤ ከዚያ በኋላ በሽታው ያገረሸበት ብዙም አይገኝም፤ መንቀጥቀጡ ግን ይበረታል። ቀስ ብሎ የሚሠራ ፔኒሲሊን ደሙን ቀስ ብሎ ያጸዳል፤ መንቀጥቀጡ ብዙውን ጊዜ ለዘብ ይላል፤ ነገር ግን የሚያገረሽባቸው ይበዛሉ። ታዲያ የትኛው ይቅደም? ጠላትን ባንድ ሌሊት መደምሰስና የሚመጣውን መቀበል፣ ወይስ ቀስ እያሉ መግፋት? በአገራችን ብዙ ሐኪሞች በትንሽ ፔኒሲሊን ጀምሮ በማግስቱ ቴትራሳይክሊን ማስከተልን መረጡ። ሌሎች አይስማሙም። የኋላ ኋላ ጥናቶቹን ሁሉ አንድ ላይ የመረመሩ ሰዎች በሞት ረገድ በሁለቱ መድኃኒቶች መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኙም።

መንቀጥቀጡን ራሱን ለማስቆምም ተሞክሯል። ሃይድሮኮርቲሶን ተሞከረ፤ አላስቀረውም። በ1983 ሜፕታዚኖል የተባለ ማስታገሻ እንደሚያለዝበው ታየ። በ1996 ደግሞ ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቹ በአዲስ አበባ የሠሩት ጥናት በአሜሪካ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ተሕዋሱ ሲሞት ሰውነት የሚያፈስሰውንና መንቀጥቀጡን ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ የሆነውን ንጥረ ነገር የሚይዝ፣ ከበግ ደም የተሠራ መከላከያ አስቀድመው ሰጡ። 49 ሕመምተኞች ነበሩ። መከላከያው ካልተሰጣቸው 29 መካከል 26ቱ ተንቀጠቀጡ፤ ከተሰጣቸው 20 መካከል ግን 10ሩ ብቻ። ይህ ለሕክምና ሳይንስ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን በየጤና ጣቢያው የሚገኝ መድኃኒት አልሆነም። ከዚያ ወዲህ በዚያው መንገድ የሚሠሩ ውድ መድኃኒቶች በሀብታም አገሮች ለቁርጥማት ሕመምተኞች ይታዘዛሉ።

እነዚያን አርባ ዘጠኝ ሰዎች ብዙ ጊዜ አስባቸዋለሁ። ስማቸው የለም። ተሕዋሱን ከሰውነት ውጪ ማርባት በተቻለበት በ1994ም የተገኘው ከኢትዮጵያውያን ደም ነው። ዓለም ስለዚህ በሽታ የሚያውቀውን ብዙውን ነገር የሚያውቀው ከድሆቻችን ደም ነው።

ወደ አያቴ ልመለስ። እርሷ ያየችው እውነት ነበር፤ መርፌው ገባ፤ ልጇ ባሰበት። ስለ ምች የሚባለውም ከዚህ ዓይነት ዕይታ የመነጨ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ፤ ግምት ብቻ ነው። ያጣችው ዓይን አይደለም፤ ሌላውን ግማሽ የሚነግራት ሰው ነው። አጎቴን የገደለው መርፌው ይሁን በሽታው ዛሬ ላይ ሆኜ መፍረድ አይቻለኝም። ነገር ግን አንድ ሰው ወጥቶ፣ «እናቴ፣ ከመርፌው በኋላ ይንቀጠቀጣል፤ ይህ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ ሌሊቱን እንጠብቀዋለን፤ ላይነጋለትም ይችላል» ቢላት ኖሮ፣ ሠላሳ ዓመት የቆየ ቂም በቤታችን ባልኖረ ነበር።

* * *

የላይም በሽታ የግርሻ የሥጋ ዘመድ ነው። የሁለቱም ተሕዋሳት የነገድ ስም አንድ ነው፤ ቦሬሊያ። አንዱ በቅማል፣ ሌላው በመዥገር ይጓዛል። የላይም ታሪክ የሚጀምረው ግን በሐኪም ቤት አይደለም። ኮነቲከት በተባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ላይም በምትባል ከተማ፣ ፖሊ መሪ የተባለች እናት ራሷም ልጆቿም ለዓመታት ሲታመሙ ሐኪሞች አላምናት አሉ። እርሷ ግን የሰፈሯን ሕመምተኞች ስም እየመዘገበች ያዘች። እ.ኤ.አ. በ1975 እርሷና ሌላ እናት ጩኸታቸውን ለግዛቱ ጤና ጥበቃና ለዬል ዩኒቨርሲቲ አሰሙ። አለን ስቲር የተባለ ወጣት ሐኪም መጥቶ ሰማቸው። በ1977 የ51 ሰዎች ታሪክ ታተመ፤ 39ኙ ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ ዊሊ በርግዶርፈር የተባለ የመዥገር ሊቅ በ1981 መጨረሻ ተሕዋሱን በመዥገር ሆድ ውስጥ አገኘው፤ በስሙም ተሰየመ።

በጊዜ ከታከመ አብዛኛው ሰው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል። ጥቂት የማይባሉት ግን ከሕክምናው በኋላ እንደ እህቴ ሲደክማቸውና ሲቆረጥማቸው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያሉ። ሙግቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን ይህን «ሥር የሰደደ ላይም» ይለዋል፤ ተሕዋሱ ስላልሞተ መድኃኒቱ ለወራት ይቀጥል ይላል። የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ሐኪሞች ማኅበርን የመሰለው ሌላው ወገን ደግሞ ሕመሙን አይክድም፤ ተሕዋሱ በሕይወት ስለመኖሩ ግን ማስረጃ የለም፤ የተራዘመ መድኃኒት ጉዳቱ ያመዝናል ይላል።

ነገሩ በፈተና ታይቷል። በ2001 የታተመው ጥናት ለአንድ ወር በደም ሥር፣ ቀጥሎ ለሁለት ወር በአፍ መድኃኒት ሰጥቶ ከባዶ መድኃኒት ጋር አነጻጸረ፤ ልዩነት አልተገኘም። በ2003 የታተመ ሌላ ጥናት በድካም ላይ ጥቂት መሻሻል አየ፤ በማሰብ ችሎታ ላይ ግን ምንም። በ2016 በኔዘርላንድ የተደረገውም የሦስት ወር ተጨማሪ መድኃኒት እንዳልጠቀመ አሳየ። በሌላ በኩል ለ27 ወራት በደም ሥሯ መድኃኒት ሲገባላት የቆየች የሠላሳ ዓመት ሴት በቱቦው በገባ ልክፍት መሞቷ በ2000 ተጽፏል።

ሙግቱ ግን በጥናት አልቆመም። የኮነቲከት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2006 የሐኪሞቹን ማኅበር መመሪያ በሕግ መመርመር ጀመረ። በ2008 በስምምነት መመሪያው በአዲስ ጉባኤ እንዲታይ ተደረገ፤ ጉባኤውም በ2010 መመሪያውን አጸደቀው። በ2013 የእህቴ ግዛት ቨርጂኒያ፣ ምርመራው ነፃ ማለቱ በሽታው የለም ማለት እንዳልሆነ ሐኪሞች ለሕመምተኞች እንዲነግሩ የሚያዝዝ ሕግ አወጣች። ይህን ሳነብ ፈገግ አልሁ፤ አዘንሁም። በዚያ አገር ሕመምተኛ ይሰለፋል፤ ዐቃቤ ሕግ ይነሣለታል። የእኛ ግርሻ ግን ሰው እየገደለ እንኳ ሰልፍ ወጥቶለት አያውቅም። ቅማል ያለበት ሰው ቅማል አለብኝ ብሎ አደባባይ አይወጣምና። ዓለም ትዝ ያለውም በ2015 ሊቢያን አቋርጠው አውሮፓ በገቡ የአፍሪካ ቀንድ ስደተኞች ደም ውስጥ ሲያየው ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ግርሻ ሲያገረሽ ተሕዋሱ በመስተዋት ይታያል፤ ሐኪሙም ሕመምተኛውም ባንድ ነገር ይስማማሉ። የእህቴ ሕመም ግን በመስተዋት አይታይም። በማይታይ ነገር ታሞ መታመንን የመሰለ ከባድ ነገር የለም። ስለዚህ «አምንሻለሁ» ወዳላት ሐኪም ሄደች። የሰጣት መድኃኒት ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ የሰጣት ቃል ግን ከሌሎቹ ያጣችው ነው።

* * *

ከብዙ ንባብ በኋላ ለእህቴ ደብዳቤ ጻፍሁላት። «እታለም፣» አልኋት፣ «ሕመምሽን አምናለሁ። ያ በደም ሥር የሚገባው መድኃኒት ግን እንደሚያድንሽ የሚያሳይ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም፤ እንደሚጎዳ የሚያሳይ ግን አግኝቻለሁ። ተሕዋሱ ሞተ የሚልሽ ሐኪም ሕመሙንም ሞተ ካላለሽ አትሽሺው። አያታችንም ዓይኗ አልዋሸም፤ ግማሹን ብቻ ነው ያየችው። አንቺ ሌላውን ግማሽ የሚነግርሽን ፈልጊ።» ስለ አጎታችንም፣ ስለ መንቀጥቀጡም፣ ስለ አርባ ዘጠኙ ሰዎችም ጻፍሁላት።

ወር ያህል ዝም አለች። ከዚያ ቱቦውን እንዳስወጣች ነገረችኝ። ድናለች ብዬ እንድዋሽ አትጠብቁኝ፤ አሁንም ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አይታዘዙላትም። ባለፈው ወር ግን ገንዘብ መጣ፤ ከቀድሞው እኩሌታውን ያህል።

አክስቴ መስኮቴ ፊት ቆማ ስትቆጥረው ነገርኋት። ልጇ እንዳልረሳቻት፣ ታማ እንደነበር፣ ገንዘቡ ወዴት ይሄድ እንደነበር። ብሩን ቆጥራ ሳትጨርስ በእጇ ይዛ ቀረች። «ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች። ከኋላዋ ሰልፍ ነበር። እናቷ ከሐኪም ቤቱ ደጅ ቆማ ሳትጠይቀው የቀረችውን ጥያቄ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ልጇ ጠየቀችኝ፤ መስኮቱ ውስጥ ሆኜ ዝም ያልሁት ደግሞ እኔ ነበርሁ።

በዚያ ማታ የጫርኋትን ይህችን ስንኝ ለመሰናበቻ ላስፍራት፦

ሕመምስ ይመጣል ካባውን ቀይሮ፣
ሄደ ሲሉት ያድራል ጓዳ ተሰውሮ፤
መድኃኒትም አለ ከደጅ ተቀምጦ፣
ሰው የሚያንቀጠቅጥ ከሕመሙ አብልጦ፤
መርፌውን ከመውጋት አስቀድመህ ንገር፣
ደጅ የቆመች እናት ቃልህን ይዛ ትደር።